ከክምሩ አናት የተነሱ ሸሚዞች

ውድ እትዬ፣

ስለ ጤናሽ አልጠይቅሽም። ብጠይቅሽ «ደህና ነኝ» ነው የምትዪኝ። ትኩሳት ይዞሽ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልለሽም «ደህና ነኝ» ስትዪ ሰምቼሻለሁና በዚህ ነገር ቃልሽን አላምንም። አክስታችንን ትናንት ደውዬ ጠይቄ ጨርሻለሁ። ወገብሽን እንደሚያምሽ፣ እህል እንደቀነስሽ፣ ሰው ሲመጣ ጓዳ እንደምትገቢ ነግረውኛል። እኔ ደህና ነኝ። ክሊኒኩ ካርድ ክፍል አሁንም ያችው መስኮት ላይ ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኮሌጅ እማራለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ደብተር ይዤ ስሮጥ ብታዪኝ ትስቂብኝ ነበር።

አክስታችን ሌላም ነገር ነግረውኛል። የሴቶች ማሠልጠኛው ኃላፊ ሁለት ጊዜ ቤት ድረስ መጥታ ስፌት እንድታስተምሪላት ለምናሽ እምቢ አልሽ አሉ። «የተባረረ እጅ ሰው አያስተምርም» አልሻት አሉ። ሴትዮዋም እስከ ሰኞ እጠብቃታለሁ፣ ከዚያ ግን ሌላ ሰው መቅጠሬ ነው ብላ ሄደች። እትዬ፣ ይህን የምጽፍልሽ ከሰኞ በፊት እንድታነቢው ነው። በቀጥታ ወደ ነገሬ ብገባ ደስ ባለኝ፤ ግን ታውቂኛለሽ፣ ዙሪያ ጥምጥም ካልሄድኩ አልደርስም። ስለዚህ ከትምህርቴ ልጀምር።

ስታቲስቲክስ የሚባል ትምህርት አለ። ማኔጅመንት የሚማር ሰው እሱን ሳያልፍ አይመረቅም። ተማሪው «ስታት» እያለ ያቆላምጠዋል፤ የሚያቆላምጠው እንዳይነክሰው ፈርቶ ነው። የኮርሱ ስም «የስታቲስቲክስ መግቢያ» ነው፤ መግቢያው እንዲህ ከሆነ መውጫውን እግዜር ይወቀው። ሒሳብ ላይ እንዴት እንደሆንኩ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። የማባዛት ሰንጠረዥ ስታስጠኚኝ ያለቀስሽው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም።

መምህራችን ቀጭን፣ እጅጌያቸው ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው ሰው ናቸው። ማንኛውንም ነገር ብትጠይቂያቸው «ምናልባት» ብለው ነው የሚጀምሩት። ዝናብ ይዘንብ ይሆን ብትያቸው ምናልባት፣ ፈተናው ይከብዳል ወይ ብትያቸው ምናልባት። ተማሪው ስማቸውን ትቶ ጋሽ ምናልባት ይላቸዋል። እሳቸውም ሰምተዋል መሰለኝ፤ አይከፋቸውም።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ምናልባት የጠመኔ ካርቶን ይዘው ገቡ። ክዳኑን ከፈቱና ከላይ አንድ አንስተው አሳዩን። ሙሉ ነው፣ ነጭ ነው። «ይህ ካርቶን እንዴት ነው?» አሉ። ሁላችንም በአንድ አፍ «ጥሩ ነው» አልን። ይሄኔ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። ከላይኛው ረድፍ በታች ያለው በሙሉ ስብርባሪ ነበር።

«ናሙና ማለት» አሉን፣ «ትልቁን ነገር ለማወቅ ቆንጥረን የምናየው ትንሹ ነው። ጨው ለማየት ከድስቱ በማንኪያ እንደምትቀምሱት ማለት ነው። ሳታማስሉ ከቀመሳችሁ ግን ምላሳችሁ ይዋሻችኋል።» ቀጥለውም በየሥራ ቦታችን እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞን እንደሆነ ጠየቁን።

አንድ ፍራፍሬ ነጋዴ ስለ ብርቱካን ሣጥን ተናገረ፤ ያ ለማንም አዲስ አልነበረም። ከዚያ ሳቂታ እጇን አነሳች። ሳቂታ የምንላት ከጎኔ የምትቀመጥ ተማሪ ናት፤ ሰላም ስትልሽም እየሳቀች ነው። ሸሚዝ ትሰፋለች። የምትሠራው ያንቺው ፋብሪካ ነው፤ እኔ ግን እዚያ የሠራ ሰው እንዳለኝ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ያንን ፋብሪካ ከቤታችን ወሬ ካወጣነው ስንት ጊዜው።

«እኛ ጋ» አለች ሳቂታ፣ «ጥራት ተቆጣጣሪው የሚያየው ከክምሩ አናት ያሉትን አምስት ሸሚዞች ብቻ ነው። ሁሉን ላገላብጥ ቢል ቀኑ አይበቃውማ። እኛ ደግሞ ሞኝ አይደለን፣ ሊመጣ ሲል ከክምሩ ውስጥ ያማሩትን መርጠን ከላይ እናስቀምጣለን። ሙሽሮች ነው የምንላቸው። ‹ሙሽሮችሽን አወጣሽ ወይ?› እንባባላለን።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ምናልባትም ሳቁ። «ምናልባት ተቆጣጣሪውም ያውቅ ይሆናል» አሉ።

እኔ አልሳቅሁም። ከጥልፍ ወደ ሸሚዝ ከተዛወርሽ በኋላ ሦስተኛውን ማስጠንቀቂያ ከስንብቱ ጋር ተቀብለሽ የመጣሽበት ቀን ፊቴ ድቅን አለ። አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እጆችሽን ጭንሽ ላይ ዘርግተሽ የሰው እጅ እንደምታዪ ታዪያቸው ነበር። «እጄ ከዳኝ» አልሽ፤ ሌላ አንድ ቃል አልጨመርሽም። በሳምንቱ የቤታችንን የስፌት መኪና ለጎረቤት ሰጠሽው። ከዚያ በኋላ የሰው ልብስ እያጠብሽ አስተማርሽኝ፤ መርፌ ግን ነክተሽ አታውቂም። የቀሚሴ ጫፍ ሲተረተር «ለሰፊ ስጪው» ትዪኛለሽ። ልብስ አጥበሽ ስትመልሺላቸው ሴቶቹ «እጅሽ ይባረክ» ሲሉሽ፣ እንደ ሰው «አሜን» በማለት ፈንታ ፊትሽን ታዞሪ ነበር። እኔም ልጅ ነበርኩና አመንኩ። ፋብሪካ ያህል ነገር እንዴት ይሳሳታል ብዬ ነው።

እረፍት ላይ ሳቂታን ክንዷን ይዤ ደጅ አወጣኋት።

«ይህ የሙሽሮች ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ኧረ ከድሮ ነው። እኔ ስገባ በመጀመሪያው ቀን ነው ትልልቆቹ የነገሩኝ።»

«ለሁሉም ይነገራል?»

«ለሁሉም። አንዷ ብቻ ሳትሰማ ቀርታ ነበር አሉ፤ እኔ አልደረስኩባትም። ጥልፍ ክፍሉ ሲዘጋ ወደ ሸሚዝ የተዛወረች ናት። እመቤት ይሏት ነበር።»

«ለምን እመቤት አሏት?»

«ኩሩ ነበረቻ። ምሳ ሰዓት ሴቶቹ ሁሉ ተሰብስበው ሲበሉ እሷ ለብቻዋ ወጥታ ግቢውን ትዞራለች። ጥልፍ ሠሪ ስለሆነች እኛን ሸሚዝ ሰፊዎቹን ንቃ ነው አሉና እነሱም ዘጓት። እንዲህ ያለ ነገር የሚወራው ደግሞ ምሳ ላይ ነው። ሳይነግሯት ቀሩ፣ ተባረረች። ምስኪን።»

ይህን ስትናገር ሳቂታ አልሳቀችም። እኔም አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፤ ፋብሪካው ለሠራተኛ ምሳ ያበላ እንደሆነ። ጥያቄው ገረማት። «ምን ሲደረግ! ሁሉም ከቤቱ ቋጥሮ ነው» አለችኝ።

እትዬ፣ ግቢውን ለምን ትዞሪ እንደነበር ሴቶቹ አላወቁም። እኔም እስከዚያች ሰዓት አላወቅሁም። ጠዋት ጠዋት ዳቦና እንቁላሉን በዕቃ አድርገሽ ታስይዢኛለሽ። «አንቺስ?» ስልሽ «እኛማ ፋብሪካው ነው የሚያበላን፣ ጠግቤ ነው የምመጣው» ትዪኛለሽ። ለካ ባዶ እጅሽን ሰው መሀል ላለመቀመጥ ነበር የምትዞሪው። እኔ ትምህርት ቤት በረንዳ ላይ ያንቺን ምሳ እየበላሁ፣ አንቺ እዚያ እመቤት ተባልሽ። ያን ቀን ከእረፍት በኋላ ያለውን ትምህርት አልገባሁም። አጥሩ ጥግ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ተጣድፌ ነው የምጽፍልሽ፤ ፊደሉ ካስቸገረሽ አክስታችንን አስነብቢ እንዳልልሽ፣ ይህን ለብቻሽ እንድታነቢው ነው የምፈልገው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተማሪው ሁሉ ሲወጣ ጋሽ ምናልባት ጋ ቀረሁ። ነገሩን የሌላ ሰው አስመስዬ ነገርኳቸው። አንዲት ሰፊ አለች፣ አልኳቸው። ሌሎቹ ሙሽራ ሙሽራውን ከላይ ሲያደርጉ እሷ እንደሰፋችው ትከምራለች። ከእሷ ክምር አናት አምስት ሸሚዝ ሲነሳ ኮሌታው ጠማማ ሆኖ ተገኘ። ስለ ሰፊዋ ምን ማለት ይቻላል?

«ምናልባት» እስኪሉ ጠበቅኩ። አላሉም። ጠመኔውን አስቀመጡና «ከላይ ያሉት መቼ የተሰፉት ናቸው?» አሉኝ።

አሰብኩ። «እንደሰፋችው ከከመረች የመጨረሻዎቹ ናቸው። ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ የተሰፉት።»

«እንግዲያው ተቆጣጣሪው ያየው የሌሎቹን ምርጥና የእሷን የድካም ሰዓት ነው። ሁለቱ አይወዳደሩም።»

«ስለዚህ ጎበዝ ሰፊ ነበረች ማለት ነው?»

«እሱንም አናውቅም። ከሥር ያሉትን ሸሚዞች ያየ የለም።»

ይሄኔ ደሜ ፈላ። ስንት ዓመት የተሸከምሽውን ነገር ጠመኔ በነካው እጃቸው እንደ ዋዛ ወዲያ ወዲህ የሚሉት መሰለኝ። «ታዲያ የምናውቀው ምንድን ነው?» ብዬ ጮኽኩባቸው፣ መምህሬ መሆናቸውን ረስቼ።

«ምንም» አሉኝ። «ምንም ሳይታወቅ ነው የተፈረደባት።» ቀና ብለው አዩኝና «እህትሽ ናት?» አሉ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ወንበር ሳቡልኝና ራሳቸው ቆመው ቀሩ።

እቤት ስመለስ መንገዱን በእግሬ ነው የጨረስኩት። ምሳ ያልበላ ሰው፣ ዓይኑ ተንከራቶ፣ ጣቱ ዝሎ፣ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው የሰፋውን ኮሌታ አሰብኩ። ያንን ሰዓትሽን ብቻ ነው ያዩት። ጠዋት የሰፋሽውን አላዩም። እኩለ ቀንም የሰፋሽውን አላዩም። አንቺም ደግሞ እነሱ ባዩት ራስሽን ለካሽ።

የቡድን ሥራ ነበረን፤ እኔና ሳቂታ አንድ ላይ ነን። ፋብሪካው ገብተን ክምሮቹን በዕጣ እያስነሳን አጥንተን፣ የሙሽሮቹን ነገር ለአለቆቹ ላፈርጠው አሰብኩ። ለሳቂታ እህቴ መሆንሽን ያኔ ነገርኳት። አፏን ያዘች። ቆይታ ግን «ታስጨርሽናለሽ» አለችኝ። «ሁላችንም ልጆች አሉን። ይህ ከታወቀ አንድ ሰው አያስቀሩም።»

እልህ ያዘኝ። እነሱ አንቺን አሳልፈው ሲሰጡ ማን አዘነልሽ፣ እኔስ ምን ዕዳ አለብኝ እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። በኋላ ግን አንቺ ምን ትዪ እንደነበር አሰብኩ። ረሀብሽን እንኳ ለሰው ያላሳየሽ፣ በስምሽ የሰው ጎጆ ሲፈርስ ደስ ሊልሽ አይችልም። ተውኩት። የቡድን ሥራችንን በክሊኒኩ ካርዶች ላይ ሠራን፤ ሰው በየትኛው ቀን ይበልጥ እንደሚታመም። ሰኞ ሆኖ ተገኘ። ሳቂታ «ሥራ ነው የሚያማቸው» ብላ ጽፋ ነበር፣ እኔ ሰረዝኩት።

እኔ ብተወውም ሳቂታ ሆዷ አልቻለም። ለትልልቆቹ ሴቶች ነገረቻቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ሴት መስኮቴ ላይ መጣች። ጸጉሯ ግማሹ ሸብቷል፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። እንደ ወጉ «ስምዎን?» አልኳት።

«አልታመምኩም» አለችኝ። «እህትሽ ከጎኔ ነበር የምትሰፋው። መስኮት ሥር የነበረችው ናት በያት፣ ታውቀኛለች።»

ከኋላዋ ሰልፉ ያጉረመርማል። ባልደረባዬን ተክቼ ደጅ አግዳሚው ላይ ይዣት ወጣሁ። «እርስዎ» እያልኩ ስጀምር «አንቺ በዪኝ፣ የእህትሽ እኩያ ነኝ» አለችኝ። የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ በረንዳውን ጠርጋ እስክታልፍ ጠበቀች። መናገር ስትጀምር ግን አላቆመችም።

«ትጠይቀን ብለን ነው የጠበቅናት። እሷ አትጠይቅም፣ እኛ አንነግርም። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ሲሰጣት ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ኩራቷ ይፍታት ብዬ ዋጥኩት። ያባርሯታል ብዬ ግን አላሰብኩም። ልነግርሽ የመጣሁት ግን ይህን አይደለም።»

መነጽሯን አደረገች፤ መልሳ አወለቀችው።

«በተባረረች ማግስት አለቃው የእሷን ክምር አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ቆለለው። ‹ፍቺና እንደገና ስፊው› አለኝ። መቀስ ይዤ ተቀመጥኩ። ከላይ ያሉት እውነትም ጠማማ ናቸው፤ ፈታኋቸው። ወደ ታች ወረድኩ። አንዱን አነሳለሁ፣ ወደ ብርሃኑ አዞረዋለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ። ሌላውን አነሳለሁ። የምፈታው አጣሁ። ክምሩን እስከ ታች ጨረስኩት። እኔ ለሙሽራ የምመርጠው ሸሚዝ የእሷን የመሀል ሸሚዝ አያክልም። መቀሱን ይዤ አለቀስኩ። አለቃው ሲመጣ ‹ጨርሻለሁ› ብቻ አልኩት።»

«ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ብናገር ‹ያንቺስ?› ይለኛላ» አለች።

ልሰድባት ነበር፣ እትዬ። ምላሴን ታውቂዋለሽ። ከልጅነቴ ጀምሮ «ይህ ምላስሽ ባል ያሳጣሻል» ስትዪኝ የኖርሽው ነው። ያን ቀን ግን አልታዘዝ አለኝ። ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠቻቸውን እጆቿን አየሁ፤ ጣቶቿ በመርፌ የተበሳሱ፣ አውራ ጣቷ ያንቺን ይመስል ወደ ጎን የተጣመመ። ውሃ አመጣሁላት፤ ጠጣች። ሰው እያየን ሁለታችንም አለቀስን።

ዛሬ ከክፍል በፊት ለጋሽ ምናልባት ነገርኳቸው። ከሥር ያሉትን ሸሚዞች ያየ ሰው አለ፣ ክምሩን ከአናቱ እስከ ታች አንድ በአንድ ያየ፣ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ረጅም ጊዜ ጠረጉት። «እንግዲያው ናሙና አያስፈልግሽም» አሉኝ። ፈተናው ሳምንት ነው። ልለፍ አልለፍ አላውቅም፤ ቀመሮቹ አሁንም ይምታቱብኛል፣ እሳቸውም ስለ እኔ ማለፍ ሲጠየቁ ያንኑ የፈረደበትን ቃል ነው የሚሉት።

አሁን ስለ ሰኞ። አልለምንሽም፤ በልመና የምትነቃነቂ ሰው አይደለሽም። ብትሄጂ ደስ ይለኛል። እነዚያ የምታስተምሪያቸው ሴቶች እንዴት ያለ ሰው እንደሚያገኙ አያውቁም። ባትሄጂም ያው እህቴ ነሽ፣ እናትና አባት ሆነሽ ያሳደግሽኝ ነሽ። ግን እትዬ፣ «የተባረረ እጅ» ብለሽ እንዳትቀሪ። በሌላ ምክንያት ቅሪ። ወገቤን አሞኛል በዪ፣ የኃላፊዋ ፊት አላማረኝም በዪ፣ ሰነፍኩ በዪ፣ ግድ የለኝም። እጅሽን ግን ሰበብ አታድርጊው። እጅሽ አንድ ቀን እንኳ አልከዳሽም።

ይህን እኔ ብነግርሽ እንደማይበቃሽ አውቃለሁ። «አንቺማ እህቴ ነሽ፣ ምን ልትዪ ኖሯል» ትዪኛለሽ፤ ልክም ነሽ። እኔ ካንቺ መልካም መልካሙን እንጂ ሌላ አይቼ አላውቅም፣ በእኔ ምስክርነት ማንም አይፈርድም። ደብዳቤውን በፖስታ ያልላክሁት ለዚህ ነው። ሸሚዞቹን ያየችው ራሷ ትንገርሽ ብዬ ሳስብ፣ እሷው ቀድማ «እኔ ልሂድ» አለችኝ። የሰኞውን ነገር ስነግራት ደግሞ ለነገ ጠዋት የአውቶቡስ ትኬት ቆረጠች። ፈርታለች። «ብታባርረኝስ?» ብላኛለች። «ልታባርርሽ ትችላለች» አልኳት፤ አልዋሸኋትም። «ይሁን፣ መብቷ ነው» አለችና ደብዳቤውን ጽፌ እስክጨርስ ይኸው ከጎኔ ተቀምጣለች።

ደብዳቤውን የሰጠችሽ፣ አንብበሽ እስክትጨርሺ በሩ ላይ ቆማ የምትጠብቀው ሴት እሷ ናት። ቀና ብለሽ እያት። መስኮት ሥር የነበረችው ናት። እባክሽ እትዬ፣ ደጅ አታቁሚያት።

ያሳደግሻት ታናሽሽ